ወደ ግራ የዞረ ሽቦ

አዛውንቱ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ስር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ቀኝ እጃቸው ካቻቢቴ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከራሳቸው በላይ የተፈታ ማብሪያ ማጥፊያ በሁለት ሽቦ ተንጠልጥሏል። እንግዲህ ጉድ በሉ! አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጉ የኖሩ ኤሌክትሪሻን በገዛ ቤታቸው ማብሪያ ተይዘው ሞቱ።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ ምን ቢነግሯት ገለባውን ታስቀራለችና። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰው ሲዋሻት ደግሞ ደስ ይላታል፤ ሥራዋን ያቀልላታል። ጠዋት አለቃዋ ደውሎ «አደጋ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዘንግተው ነው። ከምሳ በፊት ፈርመሽ ዝጊው» ብሏት ነበር። እሷም «እሺ» ብላዋለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሴቷ ልጃቸው ከመንገዱ ማዶ ነው የምትኖረው። ጩኸት ሰምታ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት፤ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከተቀመጠችበት ፖሊሶች በግድ ነበር ያነሷት።

«አባባ አይዘነጋም!» አለች ፊቷን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ይስሙኝ እትዬ፤ አባባ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ይከተዋል። ልጆች ሆነን የፊውዙ ቦታ ባዶ ከሆነ የአባባ እጅ ሽቦ ላይ ነው ማለት ነው፤ ወደ ሳጥኑ ዝር አንልም። ወንድሜ አንዴ ሊነካካ ሲል በጥፊ ነው ያጋደመው።»

ወንፊት ጎንበስ ብላ የሟቹን የደረት ኪስ ዳበሰች። ሽቦ በብሎን የተጠመጠመበት ነጭ የሸክላ ፊውዝ አወጣች።

«ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ?» አለች ለራሷ።

የፊውዝ ሳጥኑ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ነው። የወጥ ቤቱም የመታጠቢያ ቤቱም መስመር በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠራው። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ሌላ የሸክላ ፊውዝ ተሰክቶበታል። የአዛውንቱ ምራት ጥጉ ላይ ቆማለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ቤት ከገባች ገና ስድስት ወሯ።

«ይህን ማን ሰካው?»

«እኔ ነኝ» አለች ምስኪኗ፣ አንድም ሳትደብቅ። «ካውያው አልሞቅ አለኝ። ባሌ ሸሚዞቹን ከምሳ በፊት ተኩሺ ብሎኝ ነበር። መብራት ካስቸገረሽ መሳቢያው ውስጥ ፊውዝ አለ፣ ባዶው ቦታ ላይ ስኪው፣ በትንሽ በትልቁ አባባን አትነዝንዢ አለኝ። ሰካሁት። ወዲያው አባባ ጮሁ።»

«መታጠቢያ ቤት እንደነበሩ አታውቂም?»

«ጓሮ ያሉ መስሎኝ! ባሌ ጓሮ ናቸው ነው ያለኝ።»

ሴቷ ልጅ ከኋላ ሆና ሰምታ ኖሮ ተወርውራ መጣችባት። «አንቺ ገዳይ! አባቴን በላሽው!» ሁለት ፖሊሶች መሃል ገቡ።

ተደውሎለት የመጣው ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እሱም የአባቱ ልጅ ነው፣ ኤሌክትሪሻን። ረጋ ያለ፣ ጢሙን አሳምሮ የከረከመ።

«ተያት እህቴ፣ ልጅ ናት» አለ። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ከማለዳ ጀምሮ ደንበኛ ቤት ነበርኩ። ፊውዝ ስኪ የሚባል ነገር አልነገርኳትም፤ ደንግጣ ነው የምትቀባጥረው። ከአባባ ጋር ግን አይዋደዱም ነበር። ይህን ብደብቅ ኃጢአት ይሆንብኛል።»

ሚስቱ አፏን ከፍታ አየችው። አይ ሰው! በዚችው ጥቂት ቃል ልጅቷን ለዕድሜ ልክ እስራት አሳልፎ ሰጣት። ወንፊት ገባት፤ ዛሬ ካልተፈታ ይህች ልጅ አለቀላት።

«የደንበኛህን አድራሻ ጻፍልኝ» ብላ ማስታወሻዋን ዘረጋችለት። ጻፈላት። እሷ ግን የምታየው ጽሑፉን ሳይሆን የሚጽፍበትን ግራ እጁን ነበር።

ዋናውን መስመር አስጠፍታ ፊውዙንም ማብሪያውንም በእጇ ይዛ አገላበጠቻቸው። የማብሪያው ክዳን ቡናማ ሆኗል፣ ጀርባው ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አዲሱ ማብሪያ ከነካርቶኑ ወለሉ ላይ ነው፤ አዛውንቱ ሊቀይሩት አልደረሱም።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው ሊቀይሩት የተነሱት?» ብላ ምራቲቱን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ሲያበሩት ይንጣጣል፣ አምፖሉም ብልጭ ድርግም ይላል። ትናንት አባባ እጃቸውን ቢያሳርፉበት ያቃጥላል። ፈቱት፣ ከዚያ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ። መልሰው ገጠሙትና ነገ ጠዋት እቀይረዋለሁ አሉ። ባሌን ጠርተውም በር ዘጉ።»

«የሰማሽው ነገር አለ?»

«"የልብስ ሰፊዋንም ቤት መብራት እንዲህ ነው የዘረጋኸው" ሲሉት ሰማሁ። "ነገ ከሰዓት አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን" አሉት።»

ልብስ ሰፊዋን ወንፊት ታውቃታለች። ባለፈው ወር ቤቷ ተቃጥሎ ከነነፍሷ ውስጡ ቀረች። ምክንያቱ አልታወቀም ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል። ያቺን ፊርማ የፈረመችው ራሷ ወንፊት ነበረች፤ እስካሁን ታንገበግባታለች።

ከምሳ በፊት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ፊውዞችና የተቃጠለውን ማብሪያ ደረደረች።

«አባታችሁ አልዘነጉም» አለች። «ፊውዛቸውን ነቅለው ኪሳቸው ከተዋል። ኤሌክትሪኩ የመጣባቸው ይሄኛው ሲሰካ ነው። አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ሽቦ ብሎን ላይ ሲጠመጠም ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ሽቦውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ወደ ግራ ካዞሩት ገፍቶ ያወጣዋል። ይላላል፣ ይንጣጣል፣ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። የአባታችሁ ፊውዝ ወደ ቀኝ ነው። ማብሪያው ወደ ግራ ነው። ይሄኛውም ፊውዝ ወደ ግራ ነው፤ ሽቦው ደግሞ አዲስ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል።»

ሴቷ ልጅ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አባባ "ወደ ቀኝ አዙር" እያለ ስንት ዓመት ጮኸብህ?»

«በግራ እጁ የሚሠራ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «እሷስ ብትሆን?»

ወንፊት ባዶ የሸክላ ፊውዝ፣ ሽቦና ካቻቢቴ ምራቲቱ ፊት አስቀመጠች። «ጠምጥሚልኝ።» ልጅቷ ሽቦውን ያዘች፤ በየት በኩል እንደሚገባ እንኳ አላወቀችም። እያገላበጠች ቆይታ «ይቅርታ፣ አልችልበትም» አለች።

«ደንበኛህ ጋ ደውያለሁ» አለች ወንፊት። «ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ነበርክ፤ እውነትህን ነው። አንተ መኖር አላስፈለገህም። አባትህ ጠዋት ማብሪያውን እንደሚቀይሩ ታውቃለህ። ባዶ የፊውዝ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ፊውዙን አዘጋጅተህ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥክ፣ ሸሚዝ አሸከምካት፣ ሄድክ። ሲደወልልህ ቀድመህ ደርሰህ ኪሳቸው ያለውን ፊውዝ አንስተህ ዘንግተው ነው ልታስብል ነበር፤ እህትህ ቀደመችህ። ያ ሲበላሽብህ ሚስትህን ሰጠኸን።»

ሰውየው ሳቁን አቆመ። ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ።

«እጄን አላነሳሁበትም» አለ። «የሰካችው እሷ ናት።»

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አለች ሚስቱ። ወደ ባሏ ጠጋ አለች። «ለምን በእኔ እጅ? ሰው አጥተህ ነው?»

«አንቺ የተባልሽውን ታደርጊያለሽ» አላት፣ የሸቀጥ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። «ለምን ብለሽ አትጠይቂም። ያገባሁሽም ለዚያው ነው።»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተው ይዘውት ወጡ። ሴቷ ልጅ ጠዋት የጮኸችባትን አስባ ነው መሰል፣ ምራቲቱ አጠገብ ተቀምጣ የእሷን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ምራቲቱ ግን ሁለቱንም እጆቿን ነጥቃ ብብቷ ስር ደበቀቻቸው።

«አትንኪኝ» አለች።