ምላስ የማይደርስበት ቦታ

ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር ገና አልተፈጠረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እማ የደበቀችውን ስኳርም ሆነ አጎቴ ያቃጠለውን ሸሚዝ ከባለቤቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዘበኛው ሞቶ በተገኘ ጠዋት መርማሪ ከውጭ መጥራት አላስፈለገም።

ዘበኛው ድመታችን ነው። ስሙን ያገኘው የእማን ልብስ ስፌት ቤት ከአይጥ ስለሚጠብቅ ነው። ሰሞኑን ሲያክክ ከርሞ ከጭራው በላይ ፀጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ትናንት ማታ ደግሞ መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ብርድ ነው ብለን ሸፈንነው። ጠዋት የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ ደርቆ አገኘሁት።

እማ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወንድሟ ላይ አፈጠጠች።

«ገደልከው አይደል?»

አጎቴ ልብስ ተኳሻችን ነው፤ ሰፈሩ ጋሼ ካውያ ይለዋል። ከተተኮሰ ሱሪ ላይ የድመት ፀጉር በለቀመ ቁጥር «አንድ ቀን አንቄ ነው የምገድለው!» ሲል ያልሰማ ደንበኛ የለም።

«እኔ? አፌ ነው እንጂ እጄ እኮ...»

«በቃ! ዛሬውኑ ጓዝህን ጠቅልለህ ውጣልኝ። መርዝ ከሚያበላ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም።»

አጎቴ መሄጃ የለውም። ሥራውም አልጋውም እዚሁ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ነው።

«እማ፣ እስኪመሽ ጊዜ ስጪኝ» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ የቤት ሥራሽን ሥሪ!»

የቤት ሥራዬ ይኸው ነበር።

የጀመርኩት ከሟቹ ነው። ሳህኑ ላይ እራቱ እንዳለ ነው፤ አልቀመሰውም። አገላብጬ አየሁት። ከአንገቱ ኋላ፣ በትከሻዎቹ መካከል፣ ፀጉሩ ቅባት እንደነካው ተጣብቋል። አሸተትኩት። መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ጋሼ ካውያ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ትናንት ነክተኸዋል?»

«በካልቾ እንኳ አልነካሁትም! አንቺም ትጠረጥሪኛለሽ?»

«ሁሉንም ነው የምጠረጥረው።»

«ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁጭ ብለሽ ጠርጥሪ!»

በአንዱ ጫማዬ የሌላውን እግሬን ቁርጭምጭሚት እያሸሁ ነበር። አዲሱ ካልሲ ያሳክካል።

እትዬ ቁልፍ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን ናት፤ ለእማ ቁልፍ ትተክላለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ማን ጨከነበት፣ የኔ ጌታ! ትናንት እግሬ ሥር ሲያክክ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽለት?»

«ምን... አሻሸሁት።»

ክሩን ወደ መርፌው ሰደደችና ሳተች። ደግማ ሳተች። ጨለማ ውስጥ መርፌ የምታጎርሰው እትዬ ቁልፍ!

እናቴ ናት ብዬ እማንም አልማርኳትም።

«እማ፣ ወለሉን የወለወልሽበት አዲሱ ሳሙና...»

«ነገር አታዙሪ! ‹ሳሙናው ነው፣ ቁንጫ የለበትም› ብለሽ ሐኪም ዘንድ እንዳልወስደው ያደረግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«አላየሁማ! ከእኔ ዓይን ቁንጫ ያመልጣል?»

ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ወደ እንስሳት መድኃኒት መሸጫው ሄድኩ። ባለሱቁ ገና በር ላይ እንዳየኝ «ዘበኛችሁ እንዴት ነው? ቁንጫው ለቀቀው?» አለኝ። አንድ ሁለት ነገር ጠየቅሁትና ሱቁን አስዘግቼ ይዤው መጣሁ።

ሁሉንም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው። የአጎቴ ሻንጣ በሩ ላይ ቆሟል።

«ድመት መግደል የፈለገ ሰው መርዙን የት ያደርገዋል?»

«ምግቡ ውስጥ ነዋ» አለች እማ፣ ወንድሟን እያየች።

«እራቱን አልነካውም። መርዙ ያለው ከአንገቱ ኋላ ነው። ድመት ገላውን ሁሉ ይልሳል፤ እዚያ ግን ምላሱ አይደርስም። እንዳይልሰው ተጠንቅቆ የቀባው ሰው ሊያድነው እንጂ ሊገድለው አልፈለገም። የምንፈልገው የሚጠላውን ሰው ሳይሆን የሚወደውን ነው።»

አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። የእትዬ ቁልፍ መርፌ አየር ላይ ቆመ።

«እማ መድኃኒት ገዝታ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ዋጋውን ይሰማ ነበር። እኔ አይደለሁም። እትዬ፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ።» ወደ ባለሱቁ ዞርኩ። «ምን ብላ ነው የጠየቀችህ?»

«‹ለዘበኛችን የቁንጫ መድኃኒት› ነው ያሉኝ። ከባድ ነው ወይ ስላቸው ‹ኧረ አንበሳ ነው!› አሉ። እኔ ውሻ መሰለኝ፤ ዘበኛ የሚባል ድመት አለ እንዴ? የሰጠኋቸው ጠብታ የውሻ ነው፤ ለድመት መርዝ ነው። ካርቶኑ ላይ እኮ ድመት ተሰርዞ ተስሏል።»

«ካርቶኑን መንገድ ላይ ጣልኩት» አለች እትዬ ቁልፍ። ወደ እማ ዞረች። «ልጅሽ ቁንጫ የለበትም ካለች ማን ይከራከራታል ብዬ ተደብቄ አደረግሁለት። ሲንቀጠቀጥ ሳይ ደግሞ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

«ያኔውኑ ቢናገሩ ጠብታውን በሳሙና አጥበን ለሐኪም እናደርሰው ነበር» አለ ባለሱቁ። «ሲጀመርም ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ማበጠር ነበር። የሚረግፈው ጥቁር ፍርፋሪ እርጥብ ወረቀት ላይ ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው። ለመሆኑ የት ነበር የሚተኛው?»

እማ አልሰማችውም። የእትዬ ቁልፍን እጅ ይዛ ወንድሟን ሳታይ «ሻንጣህን መልስ» አለች።

«ይቅርታውስ?»

«መልስ አልኩህ እኮ!»

«የሚተኛውማ እኔ አልጋ ላይ ነው» አልኩ፣ ምርመራው እንዳይበተን። «ግን እደግመዋለሁ፣ ቁንጫ አልነበረበትም። ሳሙናው ነው። ከእኔ ዓይን...» ጎንበስ ብዬ ቁርጭምጭሚቴን አከክሁ።

ጋሼ ካውያ ሻንጣውን አስቀመጠና ካልሲዬን በሁለት ጣቱ ወደ ታች ሳበው። ቀያይ ነጥቦች ተሰልፈዋል።

«ቁንጫው እግርሽ ላይ ከተማ ቆርቁሯል፤ አንቺ ሳሙና ትከሺያለሽ! ሂጂ፣ አንሶላሽን ቀቅዪ።»