የማክሰኞው መልስ

«ኑዛዜው በተጻፈበት ማክሰኞ ሟች አምስቱንም ጥያቄ በትክክል መልሰዋል» አሉ ጠበቃው፣ ደብተሩን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «ያውም እየቀለዱ። ዳኛዋ ይህን ካዩ ነገሩ አለቀ።»

«እንግዲህ ይለቅልኝ» አለች የልጅቷ እናት። በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ሁለት ዓመት ታማሚ አባቷን ስታገላብጥ ኖራ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ በቀጠሮ ስትንከራተት ስድስት ወር ሞላት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

አናጺው አያቷ ቤቱን ለእናቷ ሲናዘዙ፣ በወር አንዴ እንኳ ብቅ የማይለው አጎቷ «አባባ ያን ሰሞን እኔንም አያውቁኝም ነበር፤ በደህና አእምሯቸው አልተናዘዙም» ብሎ ተቃወመ። እናቷ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ ነበር። ምስክሮቹ ግን አንዱ ያለውን ሌላው አፈረሰው። የቀረው፣ አያቷን ትከታተል የነበረችው ነርስ ለልጅቷ የሰጠቻት ደብተር ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷን አምስት ጥያቄ ትጠይቅ ነበር፦ ዛሬ ምን ቀን ነው? እኔ ማን ነኝ? እንዲህ እያለች መልሳቸውን ትጽፍ ነበር።

ሰኞ ዕለት «ቀኑን ካላወቅሽ ትምህርት ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው አስቀዋታል። ማክሰኞ ፈተና አድክሟት ስትገባ ተኝተው አገኘቻቸው። መቀስቀሱ ታከታት። ስንፍና እንደሆነ ብልሃት አያጣም፤ የሰኞውን መልስ ከነቀልዱ ገልብጣ፣ ሰኞ የሚለውን ማክሰኞ አደረገችው። ማን ያነበዋል ብላ።

«እማ፣ አጎቴ ካሸነፈስ?»

«ቤቱ ይሸጥና እንካፈላለን። እኛም የኪራይ ቤት ፍለጋ እንገባለን።» እናቷ ዓይኗን አልገለጠችም። «ደግነቱ አንቺ አለሽልኝ። አንድ ቀን እንኳ አላጎደልሽም።»

ምነው ባላመሰገነችኝ አለች በልቧ። አያቷ ያን ቀን ደህና ነበሩ ይሆናል፤ ላይሆኑም ይችላሉ። እሷ አታውቅም። ዝም ካለች ግን ዳኛዋ እሷ የማታውቀውን ነገር አምና ልትፈርድ ነው። በትይዩ የተቀመጠው አጎቷ ፊቱን በመዳፉ ያሻል። እሱንም ደክሞታል።

የችሎቱ ጸሐፊ በሩን ከፍቶ የመዝገብ ቁጥራቸውን ጠራ። ጠበቃው ደብተሩን ይዘው ተነሡ። ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማ፣ የማክሰኞውን እኔ ነኝ የመለስኩት» አለች። «አያቴን አልጠየቅኳቸውም።»