ማሊስና መልስ ያልሰጣት ግድግዳ

ድንጋይ ሲጠሩት «አቤት» ይላል ወይ? አይልም የምትሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉ።

ካምቦዲያ በምትባል ሩቅ አገር ማሊስ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። ቁመቷ እስከ አባቷ ቀበቶ ነው።

አንድ ቀን ማሊስ፣ አባቷና ወንድሟ ቪቦል ባጃጅ ተሳፍረው ጥንታዊውን ቤተ መቅደስ ሊጎበኙ ሄዱ። ድድድድድ! ባጃጁ አቧራውን አስነሣው።

ቤተ መቅደሱን ያሠሩት ክመር የሚባለው የአገሬው ሕዝብ የድሮ ነገሥታት ናቸው። ሁሉም ነገር ድንጋይ ነው። በሩ ድንጋይ፣ ጣሪያው ድንጋይ፣ አንበሳውም ድንጋይ።

በሩ ላይ አስጎብኚዋ ሚንግ ሶፓል ትጠብቃቸው ነበር። በእነሱ አገር «ሚንግ» ማለት «አክስቴ» ማለት ነው።

ሚንግ ሶፓል ከፊት ሄደች፤ ጎብኚዎቹ ከኋላዋ ተከተሉ። ሁሉም ረጃጅሞች ናቸው። ማሊስ የሚታያት የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ የተቀረጸ ዝሆን አየች። «ሚንግ፣ የዚህ ዝሆን ጆሮ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

ማንም አልሰማትም። ጎብኚዎቹ ፎቶ ያነሣሉ። ቻክ! ቻክ!

ከድንጋይ የተቀረጸች ሴት አየች። «ሚንግ፣ ይህቺ ሴት ምን አስቋት ነው?»

ማንም አልሰማትም። ቻክ! ቻክ!

ከዚያ ደረጃው መጣ። እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። «ነይ ልዘልሽ» አላት አባቷ።

«እምቢ። እኔ ራሴ» አለች ማሊስ። በእጇም በእግሯም እየተንጠላጠለች ወጣች። አባቷም ቢሆን በእጁም በእግሩም ነው የወጣው።

ላይ አንድ ጠባብ ክፍል አለ። ውስጡ ጨለም፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

«ይህ ክፍል አመለኛ ነው» አለች ሚንግ ሶፓል። «ብትጮኹበት ዝም። ብታጨበጭቡለት ዝም። ግድግዳው ሥር ቆማችሁ ደረታችሁን ስትመቱ ግን ይመልስላችኋል።»

ሚንግ ሶፓል ግድግዳውን ተደግፋ ደረቷን በቡጢ መታች። ዱም! ክፍሉም መለሰላት። ዱዱዱዱም!

አባቷ መታ። ዱዱዱዱም!

ቪቦል መታ። ዱዱዱዱም!

ሌሎቹም ጎብኚዎች በየተራ መቱ። ማሊስ ሁሉም እንዲያዩአት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ደረቷን መታች። ጥ።

ክፍሉ ዝም አለ።

«ምንድን ነው? ትንኝ አጨበጨበች?» አለ ቪቦል።

ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ሣቁ። «አይዞሽ ልጄ፣ ስታድጊ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አሏት።

«እምቢ። ዛሬ ነው የሚመልስልኝ» አለች ማሊስ።

አጨበጨበች። ጧ! ጧ! ክፍሉ ዝም አለ።

መሬቱን ረገጠች። ዷ! ዷ! ክፍሉ ዝም አለ።

«ማሊስ ነኝ! ማሊስ ነኝ!» ብላ ትንፋሿ እስኪያልቅ ጮኸች። ክፍሉ ዝም፣ ጭጭ አለ።

ጎብኚዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። «በይ ነይ እንሂድ» አላት አባቷ።

«እምቢ። ሳይመልስልኝ አልሄድም። ሁሉንም ሰምቷል። እኔን ብቻ ነው ያልሰማኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን እንዳይወርድ ከለከለችው።

«ግድግዳ እኮ ነው፣ ማሊስ» አለ ቪቦል። «ከግድግዳ ጋር ይጣሏል እንዴ?»

«እኔ ተጣልቻለሁ» አለች። «አኩርፌዋለሁ።»

ፊቷን አዞረችበት፤ ጀርባዋን ሰጠችው። አንድ ጣት እንኳ እንዳታልፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። በአፍንጫዋ ብዙ፣ ብዙ አየር ሳበች፤ ደረቷ እንደ ፊኛ ተነፋ።

ማንንም አላየች። ማንንም አላናገረች። እልኋ መጣና ቡጢዋን ጨብጣ ደረቷን መታች።

ዱም!

ክፍሉም... ዱዱዱዱዱዱዱም!

ቪቦል ዘሎ አባቱን ያዘ። ማሊስ ግን አልተነቃነቀችም። ድንጋዩ ጀርባዋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማት ነበር።

«ሰማኝ» አለች በቀስታ።

ሚንግ ሶፓል አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ቅድም ከግድግዳው ርቀሽ ነበር። ጩኸቱም ትንፋሽሽን ጨረሰው። አሁን ግን ተጠጋሽ፤ ደረትሽም ሞላ። እኔ በደንብ አላስረዳኋችሁም፤ አንቺ ግን አገኘሽው።»

ውጪ ያሉት ጎብኚዎች እየሮጡ ተመለሱ። «ማን ነው የመታው? ከቅድሙ ሁሉ ይበልጣል» አሉ ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ።

«እኔ ራሴ» አለች ማሊስ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ሥር አንሾካሾኩ። «የእኔማ ቅድም እምብዛም አልነበረ። እስቲ አሳዪኝ።»

ማሊስ አሳየቻቸው። «ጀርባዎን ያስጠጉ። ገና ነው፣ አሁንም ያስጠጉ። አፍዎን ይዝጉ። አየር ይሳቡ። አይናገሩ አልኩኮ።»

ሁሉም ጸጥ ብለው አዳመጧት። ፎቶ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ዱዱዱዱም! ሽማግሌው እንደ ሕፃን ልጅ አጨበጨቡ።

«አሁንስ እንሂድ?» ብሎ ጠየቃት አባቷ።

ማሊስ ትንሽ አሰበች። «አሁን እንሂድ» አለች።

ባጃጁ ውስጥ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ አወራች። ቪቦል አንዴም አላቋረጣትም፤ እንዲያውም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላት ነበር።

ማታ አባቷ አልጋዋ ላይ አስተኛት፤ የትንኝ አጎበሩንም ዘረጋላት። «እንቅልፍ እስኪወስድሽ እሹሩሩ ልበልሽ?»

«እምቢ» አለች ማሊስ ዓይኗን እያሻሸች። «እኔ ራ...»

ሳትጨርሰው ተኛች።

አባቷ ግን እሹሩሩውን አለላት። ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይሰማው።