የባሻ ይግለጡ ትራስ

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ተቀርቅሯል? እሺ።

ኮሌጁ ባለበት ከተማ፣ ተማሪው ሁሉ ጎፈሬ ያበጠረበት ዘመን ነው። የወንድ ሱሪ ታጥቃ ገበያ የምትወጣ አልጋነሽ ነበረች፤ ለፍየሉ ጋዜጣ የሚያነብ ፈረደ ነበረ። ላቀውን የሚያህል ግን አልነበረም። ከኮሌጁ ከተባረረ ወዲህ ተረከዙ ስንዝር የሚያህል ጫማ አጥልቆ፣ ኮሌጁ በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር አርሞኒካ ሲነፋ ይውላል። ጎፈሬውስ? እንኳን ኮፍያ፣ እንቅብ አይከድነው! እናቱ ብትታመምበት «እስክትድን አልላጭም» ብሎ ተስሎ ነው። ይህን ማን ያውቃል? ሁሉም ያውቃል።

የኮሌጁ ዘበኛ ባሻ ይግለጡም ያውቃል። ጎፈሬ ሲያይ ግን ደሙ ይፈላል። አንድ ቀን ላቀውን ከበሩ ምሰሶ አስሮ በበግ መሸለቻ መቀስ ሸለተው።

«ባሻ፣ በእናትህ! ስለት ነው! እሷ ትዳን እንጂ ነገ ራሴ እመጣልሃለሁ!»

«ነገ የሚባል የለም፣ አንተ በግ!»

ሰፈሩ ከቦ ሳቀ። ማን ማን ሳቀ አትበሉኝ። ሳቀ።

በሳምንቱ እናትየው ሞተች። ላቀውም በዚያ በተራቆተ ራሱ የክረምት ዝናብ መታውና ወደቀ። ሲያጣጥር «ጸጉሬን አብራችሁ ቅበሩልኝ፤ ጎድዬ አልሂድ» አለ። ዘመዶቹ ባሻን ቢጠይቁት «ጥዬዋለሁ» አላቸው። ዋሸ። ትራስ ሞልቶበት ነበር! የሰው ጸጉር ላይ ይተኛል? እሱ ተኛ።

የላቀው አርባ የወጣ ዕለት ማታ፣ ጨረቃ የለችም፤ ባሻ በወንዙ ዳር ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ምንድን ነው? ባለተረከዝ ጫማ። ዞረ፤ ሰው የለም። ሄደ። ቅቤ ሸተተው፤ የጸጉር ቅቤ። ዞረ፤ ሰው የለም። ሄደ። አርሞኒካ ሰማ፤ አሁን ከፊቱ ነው። ቀና ቢል ምን አየ? መንገዱ መሃል የተላጨ ራስ፣ እንደ ቅል የነጣ።

«ባሻ፣ ራሴን በረደኝ።»

ዱላውን ጥሎ በረረ። ቤቱ ገብቶ ቀረቀረ። ትራሱን አንስቶ ውጭ ሊወረውር አሰበ። ለዚህ ግን በሩ መከፈት አለበት። እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱ ነበር? እሱም አልከፈተም። «ነገ ወስጄ እቀብርልሃለሁ» አለና ትራሱን እንዳቀፈ ተጋደመ።

ሽር፣ ሽር፣ ሽር። ሚዶ ጸጉር ሲያበጥር። ከየት? ከትራሱ ውስጥ!

«ነገ የሚባል የለም፣ ባሻ።»

ጠዋት ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ገባ። ትራሱ ባዶ ጨርቅ ሆኗል። የባሻ ራስ እንደ እንቁላል ተላጭቷል። የእሱ ጸጉርስ የት ሄደ? አፉን ሲከፍቱት እስከ ጉሮሮው ተጠቅጥቆ አገኙት።

በዚያ አበቃ መሰላችሁ? ምሰሶው አጠገብ ሆዷን ይዛ ትስቅ የነበረችው የሻሽወርቅ፣ በዓመቱ አልጋዋ ላይ ተላጭታ ሞታ ተገኘች። ከዚያ ፈረደ። ከዚያ ሌላው። ከሳቅነው ሰዎች ዛሬ የቀረነው ሦስት ብቻ ነን።

እና ልጆቼ፣ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ፤ በተዋረደ ሰውም አትሳቁ። እኔንም ዛሬ ሁለት ሆናችሁ ሸኙኝ...

ቆይ። ማነው ከኋላዬ ሚዶ የያዘው?