በመብራቱ ፊት የሞተችው መምህርት

ክረምት በገባ ቁጥር አልጋ የምትይዝ ሴት አንድ ጠዋት ሞታ ብትገኝ፣ እርስዎ አንባቢው ማን ገደላት ብለው ይጠይቃሉ? ወይስ እንደ ብዙው ሰው «ድሮም ታማሚ ናት፤ ራሷን ገድላ ነው» ብለው፣ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ቀብር ደርሰው ይመለሳሉ? አዎን፣ ይመለሳሉ። የበሽታውን ስም የሰማ ሰው ገዳይ መፈለግ ይታክተዋል።

ኢንስፔክተር እስከዳርን እንዲህ ያለው ስንፍና ያንገሸግሻታል። የሟቿ እህት ደውላላት ከጎንደር ገስግሳ ከደባርቅ በላይ ወዳለው የማገገሚያ ቤት እንደ ደረሰች፣ ከኋላዋ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። ጉሙ መስኮቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖታል፤ አጥሩ እንኳ አይታይም። ስድስት ታካሚዎች፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ እህትየዋ፣ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የመጡት ቄስና አስከሬኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ታፍነዋል።

ሟቿ ሸዋረጋ ትባላለች፤ አዘዞ የሥነ ሕይወት መምህርት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት። ሐምሌ ሲገባ ድብርት ይይዛታል፤ እንቅልፍ ይጫናታል፤ ሰው ያስጠላታል፤ ቤቷ መቃብር ይሆንባታል። መስከረም ሲጠባ ይለቃታል። ታካሚን ጠዋት ጠዋት ደማቅ መብራት ፊት እያስቀመጠ ወደሚያክመው ወደ ዶክተር ስማቸው የመጣችውም ለዚሁ ነበር። ፍልሰታ በገባ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ እዚያው መብራት ፊት ሞተች።

ዶክተሩ «ራሷን ገድላለች» ብሎ በአዳራሹ፣ በታካሚዎቹና በቄሱ ፊት ተናግሮ ጨርሷል። ለእስከዳርም ደገመላት።

«ትናንት ጠዋት በሁለት ሰዓት ኪኒን ስትውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የዕለቱ መድኃኒቷ መስሎኝ አለፍኋት። ለካ ያጠራቀመችውን ኖሯል።»

«በምን ዋጠችው?»

«በብርጭቆ ውሃ፣ እዚህ መስኮት ሥር።»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«ሐኪሟ ነኝ፤ አልበቃሁም?»

«ለሞት ወረቀት ይበቃሉ፤ ለእኔ አይበቁም።»

እህትየዋ ወለላ የወገራ ገበሬ ናት። ሸዋረጋን ልትጠይቅ የመጣችው ትናንት ቀትር ላይ ነው። ከአስከሬኑ ራስጌ ቆማለች፤ አታለቅስም።

«ምነው እመቤቴ፣ እህቴን በሰማይም ሊዘጉባት ነው? ራሷን ካጠፋች ፍትሐት የለም ብለዋል ቄሱ። ጀምበር ሳትጠልቅ ካልታወቀ ያለ ጸሎት አፈር ልትገባ ነው።»

«ትናንት እንዴት ዋለች?»

«በዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን መጣች፤ ሸጋ ነበረች፤ ስትስቅም ነበር። ሱፍ በጥብጬላት በአንድ ኩባያ እየተቀባበልን ጠጣን። ኪኒኗንም ያኔ ዋጠች። እኔ ኩባያውን ላጥብ ወጣሁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ያንዘፈዝፋት ገባ። ላብ በላብ ሆነች፤ ገላዋ እሳት፤ እግሯ እንደ እንጨት ገተር አለ፤ የዓይኗ ብሌን ሰፋ። ዶክተሩን ብጠራቸው ‹የክረምቱ ሕመም ነው፤ መብራቱ ፊት አስቀምጫት› አሉኝ። አስቀመጥኋት።»

እስከዳር ክፍሉን በረበረች። ጾሙ ሲገባ የተከፈተው፣ ሠላሳ ፍሬ የሚይዘው የድብርት ኪኒኗ ብልቃጥ ሃያ ቀርቶታል። ዐሥር ቀን፣ ዐሥር ኪኒን። ከጎኑ ያለው የቫይታሚን ዲ ብልቃጥ የአፉ ወረቀት እንኳ አልተቀደደም። ትራሷ ሥር ማስታወሻ ደብተር ነበረ፤ እስከዳር ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነርሷ ሄለን ገና ሳትጠየቅ ተቆጣች።

«ሄለን ከሸዋረጋ ጋር ተጣልታለች ብለው ነግረውዎት ይሆናል። ተጣልተናል! የመብራቱን ድምቀት በስልኳ ስትለካ ‹ተይ፣ ከሥራ ታስወጪኛለሽ› አልኋት። ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔና ዶክተር ጋ። መድኃኒት የማድለው ግን እኔ ነኝ። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት፣ እህቷ ስትወጣ፣ ዶክተር ራሱ መጥቶ ‹ቫይታሚን ዲ ነው› ብሎ ሁለት ፍሬ ሰጥቶ አስዋጣት። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፤ ገረመኝ።»

የሸዋረጋ የንስሐ አባት ቄስ አንዳርጋቸው ደጁ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«አባ፣ ትናንት አይተዋታል?»

«እኔው አይደለሁ ያቆረብኋት! ባሏ ካረፈ ወዲህ ስትዘጋጅ ኖራ፣ ትናንት በስምንት ሰዓት ተቀበለች። ጎልማሳ ሲቆርብ ወሬ ይበዛል ብላ ለእህቷም አልነገረች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? ደግሞስ ቆርባ ራሷን አጠፋች ብዬ ነውሯን ልጨምርበት?»

በዐሥር ሰዓት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። እስከዳር በሩን ዘግታ ቆመች።

«ሸዋረጋ ኪኒን አላጠራቀመችም። ቈጥሬዋለሁ፤ አንድም አልጎደለም። እህቷም አልመረዘቻትም፤ ከአንድ ኩባያ ጠጥተው ወለላ ይኸው ቆማለች። የገደላት የሁለት መድኃኒት ግጭት ነው። ማስታወሻዋ ያስረዳል። ብርሃን ሲያንስ የእንቅልፉ ንጥረ ነገር፣ ሜላቶኒን የሚሉት፣ ሰዓቱ ይዛባል፤ መንፈስ የሚያቀናው ሴሮቶኒንም አብሮ ይዛነፋል። የእሷ ኪኒን ሴሮቶኒኑ ከአንጎል ሴሎች መካከል ቶሎ እንዳይነሣ ያደርጋል። ሌላ የድሮ የድብርት ኪኒን አለ፤ እሱ ደግሞ እንዳይፈርስ ይከለክላል። ሁለቱ ሲገናኙ ጎርፍ ነው። መንዘፍዘፉ፣ ትኩሳቱ፣ የእግሯ መገተር፣ የብሌኗ መስፋት የዚያ ጎርፍ ምልክት ነው።»

«ግምት!» አለ ዶክተሩ።

«በሄለን ቁልፍ ቁም ሣጥኑን በሁለት ምስክር ፊት ከፈትሁ። ከመዝገቡ ጋር ሳስተያየው ከድሮው ኪኒን ሁለት ፍሬ ጎድሏል። ቫይታሚን ብለው የሰጧትም ሁለት ፍሬ ነው፤ የቫይታሚኑ ብልቃጥ ግን አልተከፈተም። የሁለቱን መቀላቀል አደጋ አላውቅም እንዳይሉ ደግሞ እሷ ‹ዶክተር ስማቸው ሁለቱን እንዳልቀላቅል አስጠነቀቀኝ፤ ይገድላል› ብላ ጽፋለች።»

«ጠዋት ስትውጥ አይቻለሁ እኮ!»

«በውሃ?»

«በውሃ!»

«ልትቆርብ ያደረች ሴት፣ በሁለት ሰዓት፣ በውሃ?»

ዶክተሩ ወደ ቄሱ ዞረ። «ቆረበች? እሷ?»

«ጾመኛ መሆኗን ያውቃሉ፤ ታማሚ ጾመኛ ኪኒን በውሃ ቢውጥ ግን ማንም አይጠረጥርም። ሕፃንና ሽማግሌ እንጂ ጎልማሳ አይቆርብም ብለው ገመቱ። ውሸትዎን የሠሩት በዚያ ግምት ላይ ነው። ምክንያቱም ይኸው» አለችና ደብተሩን ከፈተች። «‹ዶክተሩ መብራቱ ዐሥር ሺህ ሉክስ ብርሃን ይሰጣል ይላል። ከተቀመጥንበት ለካሁት፤ ዘጠኝ መቶ አይሞላም። ነገርሁት፤ ተቆጣ። ለበዓሉ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።›»

ከታካሚዎቹ ሽማግሌው አያ ነጋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «በሉኛ! ሃያ ቀን ሙሉ ለኩራዝ ስሰግድ ከርሜአለሁ!»

የሣቀ የለም። ቄስ አንዳርጋቸው ዳዊታቸውን አጥፈው ተነሡ። «ፍትሐቱ ይደረጋል። ደወሉን አስደውላለሁ።»

ዶክተር ስማቸው ወደ እስከዳር ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለብቻችን ብንነጋገር...»

ወለላ በመካከላቸው ገብታ ቆመች። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ኖራለች።

«ለብቻ የለም! ‹ራሷን ገደለች› ያልኸው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው። በፖሊሷ ጆሮ አትንሾካሾክ። ቀና በል! እነዚህ በሽተኞች ይስሙ፣ ቄሱም ሳይወጡ ይስሙ፦ እህቴን ማን ገደላት? መልስ!»