እሌንዬ፣ አትቆልፊብኝ

ይህን ፈጥሬ የጻፍኩት የሚመስለው ካለ አልቀየመውም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ግን ባለታሪኳን በደንብ አውቃታለሁ። ያን ቀን ስልክ ላይ የነበረውን ሰውዬም ለብቻው ጠይቄዋለሁ።

ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ነው።

ለንደን፣ ኪልበርን። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ። ውጭው ደንገዝገዝ ማለት ጀምሯል...

እሌኒ ኩሽና ውስጥ ኦቨኑ ፊት ተንበርክካለች።

ኦቨኑ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ዓይነት ነው። በሩ ይቆለፋል፣ ውስጡ ይግላል፣ የተጣበቀው ስብ ሁሉ አመድ ይሆናል። በሩ ካልተቆለፈ ግን ሥራ አይጀምርም።

በሩ አልቆለፍ አለ።

በማግስቱ የሥራ ባልደረባዋ ማህደር የእትዬ የሻረግን ክፍል ልትይዝ ነው። ቤቱ መጽዳት አለበት።

እትዬ የሻረግ አክስቷ ናቸው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እያረጁ ሲሄዱ መርሳት ጀመሩ። ኦቨን ያበሩና ይተኛሉ። እሌኒ ሂትሮው አየር ማረፊያ ለሥራ በሄደች ቁጥር ልቧ እንደተሰቀለ ይውላል። በመጨረሻ ደከማት። መስከረም ላይ ካምደን ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ወሰደቻቸው።

«ለትንሽ ቀን ነው፣ እትዬ። ቤቱ ቀለም እስኪቀባ።»

ቀለም የሚቀባ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሄዳ አላየቻቸውም። ዛሬ ነገ ስትል ቆየች... ከቆየች በኋላ ደግሞ ፊታቸውን ለማየት አፈረች።

ኦቨኑ እምቢ ሲላት ለዘርይሁን ደወለች። ዘርይሁን የኦቨንና የልብስ ማጠቢያ ጠጋኝ ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

«የልጆች መቆለፊያው በርቶ እንዳይሆን፣ ቼክ አድርጊ።»

«ጠፍቷል።»

«ውስጥ ትሪ ቀርቷል?»

«ሁሉንም አውጥቻለሁ።»

«በሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ ጥረጊው። ከዚያ ማብሪያውን አጥፊና ትንሽ ቆይተሽ አብሪው።»

ጠረገች። አጠፋች። አበራች።

«አሁን በሩን በእጅሽ ገፋ አድርገሽ ያዢና ጀምሪው።»

ጠቅ... የመቆለፊያው ሞተር አጉረመረመ።

በሩ ቀስ ብሎ መዳፏን ገፋው።

ከውስጥ።

ከፈተችው። ባዶ ነው። ጎማው ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ዘጋችው።

የበሩ መስታወት ደብዝዟል። በጨርቅ ጠረገችው፤ አልለቅ አለ። ጉሙ ያለው በውስጥ በኩል ነው። ሰው ተጠግቶ የተነፈሰበት ይመስላል...

ኦቨኑ ግን ገና አልጋለም።

«እንደገና ሞክሪ» አለ ዘርይሁን።

ሞከረች። አሁን በርታ ብሎ ገፋት።

ዘርይሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እሌኒ... እናትየውን ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ በያቸው።»

«የቷን እናት?»

«አጠገብሽ ያሉትን። ከቅድም ጀምሮ እየሰማኋቸው ነው እኮ።»

«ብቻዬን ነኝ።»

እሌኒ ኩሽናውን ዙሪያውን ቃኘች።

«ምን... ምን እያሉ ነው?»

«እሌንዬ፣ አትቆልፊብኝ... ነው የሚሉት።»

እጇ ከበሩ ላይ ወደቀ።

የካምደኑ መኖሪያ በር በቁጥር ኮድ ብቻ ነው የሚከፈተው። ጥላቸው የወጣች ቀን እትዬ የሻረግ እጅጌዋን ይዘው ያሏት ይህንኑ ቃል ነው። እሌኒ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች። ወጣች። ዞር ብላ አላየችም።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«አሁንም... እያሉ ነው?»

«አቆሙ» አለ ዘርይሁን በሹክሹክታ። «እያለቀሱ ነው መሰለኝ።»

ኮቷን አንስታ ወጣች። ስልኩን እንኳ አላነሳችም።

ካምደን ስትደርስ ተንከባካቢው ቤንጃሚን በር ላይ ተቀበላት። ልጁ ተጨንቋል።

«ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሩን በመዳፋቸው ሲገፉ ነበር። በቋንቋቸው የሚሉት ነገር አልገባንም።»

እትዬ የሻረግ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«መጣሽ? ቀለሙ ደረቀ እንዴ?»

እሌኒ እግራቸው ሥር ተደፋች።

«ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ። ዋሸሁዎት። ጥዬዎት ነው የሄድኩት... ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ የሻረግ ጸጉሯን ዳሰሱት።

በዚያው ምሽት የመኖሪያውን ኃላፊ ለምና ይዛቸው ወጣች። አውቶቡስ ላይ ሆና ለማህደር ደወለች... አይደለም፣ ስልክ አልያዘችም፤ ማህደርን «ክፍሉ አይሆንም» ያለቻት ሲነጋ ነው። እሷ ራሷ ስትነግረኝ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። በዚያ ሰዓት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እትዬ ቤታቸው ይግቡ።

ገቡ።

እትዬ የሻረግ ቀድመው ወደ ኩሽና ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ። ውስጥ ማንም የለም።

«አንቺ... ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበርሽ?» አሉ በቀስታ።

«ማንን ነው፣ እትዬ?»

«እሽሽ... እኔኑ ነው። በርዷታል።»

ከአንገታቸው ላይ ሻርፓቸውን ፈቱ። ጥቂት ተራመዱና ሰው ትከሻ ላይ እንደሚያለብሱ አድርገው ባዶው አየር ላይ ጣል አደረጉት። ጫፉን አስተካከሉ።

እጃቸውን ለቀቁ።

ሻርፑ አልወደቀም።