ከፉሪ የታዘለው ሰው

ከጅማ የተነሳው የመንገደኞች አውሮፕላን በክረምት ጭጋግ ውስጥ የአዲስ አበባውን የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ፍለጋ ሁለቴ ዞረ። በሦስተኛው የፉሪ ተራራ ከፊቱ ድቅን አለ። ክንፉ ተገንጥሎ፣ ሆዱ ተቀዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተዘርግቶ ነደደ።

በሕይወት የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ጣሊያኖች የማረኩት አርበኛ ሸዋንግዛውና ከእጁ ጋር በሰንሰለት የተቆራኘው ጠባቂው ሁመድ። ሸዋንግዛው ልደታ ሲያርፍ የሚጠብቀው ስቅላት ነበር። አሁን ማምለጥ ይችላል፤ ግን የሰንሰለቱ ቁልፍ አብሯቸው ከተሳፈረው ጣሊያናዊ ሹም ጋር ተቃጥሏል፣ የሁመድም እግር ተሰብሮ ደሙ ይፈሳል።

«ወደ ጫካው እንሂድ» አለ ሸዋንግዛው።

«ጫካ እሞታለሁ። ልደታ ሐኪም አለ። ስለ ልደታ ማርያም ብለህ፣ ወንድሜ፣ ለአውሬ አትጣለኝ!»

ሸዋንግዛው ክርስትና የተነሳው ልደታ ነው። በእሷ ስም የለመነን ሰው፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ እንዴት እንቢ ይሏል? ይህ ባንዳ መግቢያውን አወቀበት! እየተራገመ አዘለው።

ዝናብ ያሟለጨው ቁልቁለት ደጋግሞ አንከባለላቸው። አመሻሽ ላይ አንድ ጅብ እያነከሰ ተከተላቸው። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል፤ ሸዋንግዛው ሳይቀደም አፍንጫውን በድንጋይ ብሎ አባረረው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ግን ወንዝ ሞልቶ ይጮኻል፤ ገቡበት።

«ሁመድ፣ አጥብቀህ ያዘኝ!»

«ይዣለሁ። ብቻ አትጣለኝ።»

ማዶ ሲወጡ ሁመድ አይተነፍስም። ሸዋንግዛው ለጠላቱ አለቀሰ።

ልቅሶውን የሰሙ አርበኞች ጠመንጃ ደግነው ከጥዱ ስር ወጡ። ማንነቱን ሲያውቁ አለቃቸው ዘነበ ሰንሰለቱን በመጥረቢያ በጠሰለት።

«በል፣ ባንዳውን ለጅብ ተወውና ና!»

ሸዋንግዛው ጥቂት ተራመደ። ከኋላው ጥርት ያለ ድምፅ «አትጣለኝ» አለው።

«ሰማችሁ?»

«ምኑን?»

አማተበ። ተመልሶ ሬሳውን አዘለ። አርበኞቹ አብዷል ብለው ሸሹት።

ሲነጋጋ ልደታ ደርሶ የቤቱን በር መታ። ሚስቱ የሻረግ በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

«ይሄ ሞቷል እኮ! ወታደሮቹ ይመጡብሃል፤ ለምን አልጣልከውም?»

«ጣልኩት፤ እንቢ አለኝ። አብዱልመናንን ጥሪልኝ፣ እንደ ሃይማኖቱ ይቅበረው።»

ጎረቤታቸው አብዱልመናን ሬሳውን አጥቦ ገነዘ። የሻረግ እያለቀሰች «ሽሽ!» ብትለውም ሸዋንግዛው አፈሩ እስኪመለስ ቆመ። ያኔ ድምፁ ዝም አለ።

ወደ ዱር ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ግን ባንዳ ላይ ባነጣጠረ ቁጥር ጀርባው ላይ ሰው ይከብደዋል፤ እጁም ይዝላል።